ጸጥታ ጠፋ ያልሁት ስለ ሕፃኑ እንቅልፍ ነበር

ለተከበሩ የወረዳችን የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎና ባልደረቦችዎ፣ በተለይም ጆሯችሁ፣ ደኅና እንደ ሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስሜ መሰለች ባጫ ይባላል፤ ከዊንጌት ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ።

የልጄ የሚልካ የወሊድ ፈቃድ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ሰኞ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ልጇ ፊሊሞን፣ ጥርስ ያላበቀለ ነገር ግን ቅሬታውን በግልጽ የሚያሰማ ሕፃን፣ ከእኔ ጋር ይውላል ወይስ ሸጎሌ ወዳለ የሕፃናት ማቆያ ይሄዳል የሚለው ጉዳይ ገና አልተቆረጠም። ሚልካ ያወጣችልኝ መመዘኛ አንድ ብቻ ነው፤ ልጁን በቀን አስተኝቼ ማሳየት አለብኝ። በዘመኔ ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ፤ ወድቄ አላውቅም። ይህኛውን እንድወድቅ ግን የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ያልተቋረጠ ድጋፍ እያደረገልኝ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከፋፍዬ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1ኛ. ስለ ሞንታርቦው። በቤታችን ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ ስላሰቀላችሁልን ሞንታርቦ ከልብ አመሰግናለሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንዳስተማረችን መጋረጃውን እዘጋለሁ፣ ልጁን አደራርቄ ደረቴ ላይ አቅፈዋለሁ፣ እሹሩሩ እላለሁ፤ ዐይኑ ሲከብደው፣ ጨርሶ እንቅልፍ ሳይወስደው፣ አልጋው ላይ በጀርባው አስተኛዋለሁ። ከዚያ በኋላ እጄን ከደረቱ ላይ የማነሣው ጣት በጣት ነው። የመጨረሻዋ ትንሿ ጣቴ ስትነሣ ሞንታርቦው «ጸጥታችንን በጋራ እንጠብቅ» ብሎ ይጮኻል። ስለ ጸጥታ የሚናገረውን ቃል በዚህ ድምፅ እንዲነገር የመረጠውን ባለሙያ አደንቃለሁ። ፊሊሞንም በጋራ የሚለውን ብቻ ተቀብሎ አብሮ ይጮኻል።

2ኛ. ስለ ሰዋስው። ይኸው ሞንታርቦ ቀጥሎ «ኅብረተሰቡ ንቁ እንዲሆኑ» ይላል። ኅብረተሰቡ አንድ ከሆነ «እንዲሆን» ነው። ልጁ ገና አፉን ሳይፈታ ከመንግሥት የተሳሳተ አማርኛ እንዲማር አልፈልግም። በበኩሉ ንቁ እንዲሆን የተላለፈውን መመሪያ ግን ሙሉ በሙሉ እየፈጸመ መሆኑን አረጋግጥልዎታለሁ።

3ኛ. ስለ ጽሕፈት ቤታችሁ ስም። እኔ በተማርሁበት ዘመን መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ጸጥታ» ብለው ከጻፉ ጉንፋን የያዘው እንኳ አይስልም ነበር። ስለዚህ ባለፈው ማክሰኞ ፊሊሞንን ለእናቱ ሰጥቼ ወደ እናንተ ስመጣ፣ በሩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ጸጥታ አንብቤ ትክክለኛው ቦታ እንደ ደረስሁ አልተጠራጠርሁም። ሸፊ ለሚባለው ተረኛ ወጣት ሰፈራችን ውስጥ ጸጥታ መጥፋቱን አስረዳሁት። ልጁ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። እንዲህ ያለ አገልግሎት አይቼ አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ።

«ስንት ናቸው ማዘር?» አለኝ።

ይህን ልጅ መውለዴን አላስታውስም፤ ቢሆንም የተጠየቅሁትን በትክክል መመለስ ልማዴ ስለሆነ «አንድ ብቻ ነው፤ ምሰሶ ላይ ሆኖ ይጮኻል» አልሁት።

«ምን ይዟል?»

«የኤሌክትሪክ ገመድ።»

ከዚህ በኋላ በሬዲዮ የተነጋገሩትን አልሰማሁም። እኔን ጋቢና አስቀምጠው፣ የታጠቁ ጠባቂዎችን ከኋላ ጭነው፣ ሳይረናቸውን እያስጮኹ ወደ ሰፈሬ ወሰዱኝ። የሞንታርቦን ጩኸት በሳይረን ማረም እንደሚቻል እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር፤ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ስንደርስ ጠባቂዎቹ ምሰሶውን ከብበው ወደ ላይ ያያሉ። ሰፈርተኛውም ተሰብስቦ ወደ ላይ ያያል። ከቤታችን ሥር ሱቅ ያላት ጀዊሪያ፣ የሱቋን የብረት በር ፊሊሞን እንዳይነቃ ብላ ቀስ አድርጋ የምትከፍት ጨዋ ሴት፣ ራሱን ሊያጠፋ ምሰሶ ላይ የወጣ ሰው አለ ሲሏት የራሷን ፍራሽ ጎትታ አውጥታ ከምሰሶው ሥር አነጠፈችለት። ሚልካ ልጇን ታቅፋ ወጣች። እናትየው ወደ እኔ፣ ልጁ ወደ ሰማይ እያዩ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። ሸፊ ሰውዬው የት አለ ብሎ ሲጠይቀኝ በጣቴ አሳየሁት። ሞንታርቦውም ተጠርጣሪ መሆኑ የገባው ይመስል ጸጥታችንን በጋራ እንጠብቅ አለ። ሸፊ ሞንታርቦውን ረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ፍራሹን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

ሚልካ በጆሮዬ «እማዬ፣ በቃ፣ ሸጎሌ ይሄዳል» አለችኝ። ክቡርነትዎ ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ በዘመኔ ለመውደቅ የቀረብሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

4ኛ. ስለ ሪፖርታችሁ። ኃይል ተሰማርቶ ያለ ሪፖርት መመለስ ክልክል ነው ተብሎ ሸፊ ቃሌን ሊቀበል ሳሎናችን ገባ። ሞንታርቦው ስለ ጮኸ የምለው አልሰማ ሲለው ስልክ ደውሎ በአንድ ቃል አስዘጋው። መዘጋት እንደሚችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጽፎ ሲጨርስ ያልተነበበልኝን አልፈርምም አልሁት። ፊሊሞን በእናቱ እቅፍ ሆኖ እያለቀሰ፣ ሸፊ በስብሰባ ድምፅ ማንበብ ጀመረ፤ «ከባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት፣ ግንዛቤ በማስጨበጥ፣ የተጠናከረ ክትትል በማድረግ...»

በመቀናጀት ላይ ልጁ ዝም አለ። በማስጨበጥ ላይ አዛጋ። የተጠናከረው ክትትል ላይ ስንደርስ ሚልካ አልጋው ላይ አጋደመችው። ሸፊ ሲያቆም የልጁ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ሚልካም ቀጥል ብላ በእጇ ለመነችው። ምስኪኑ ሸፊ የሚነበብ ሲያጣ ከቦርሳው የጽሕፈት ቤታችሁን የግማሽ ዓመት ዕቅድ አፈጻጸም አውጥቶ አነበበልን። የመልካም አስተዳደር ምዕራፍ ሳያልቅ ሕፃኑ ጭልጥ ብሎ ተኛ፤ ሚልካም ሶፋው ላይ ተከተለችው። እኔ ብቻ ነቅቼ የቆየሁት የግስ ስሕተት ስለምለቅም ነው።

ሚልካ ስትነቃ ልጁ ገና ተኝቶ ነበር። የትንፋሹን ድምፅ እየሰማች ፈገግ አለችና «እማዬ፣ እንዲህ ከሆነማ ሰኞ ካንቺ ጋር ይዋል። ያን ነገር ብቻ አስዘጊው» አለችኝ። ሸፊ በእግሩ ጣት እየተራመደ ወጣ፤ ጀዊሪያም ፍራሿን አነሣች። በማግስቱ ግን ሞንታርቦው እንደገና ተከፈተ።

እንግዲህ ክቡር ኃላፊ፣ ለአንድ ሪፖርት ሲባል የተዘጋው ሞንታርቦ ለአንድ ሕፃን እንቅልፍ ሲባል ረፋድ ላይና ከሰዓት እንዲዘጋልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ሸፊን ከነሪፖርቱ እንድትልኩልኝ እለምናለሁ፤ ሪፖርቱን ግን እባካችሁ እንዳታሳጥሩት። ከሰኞ በኋላ የሚመጣ መልካም ምላሽ ለሸጎሌው ማቆያ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለእኔ አይጠቅመኝም። ያ ልጅ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ቀልድ ነው።

ለጸጥታ ስላላችሁ፣ ከሩቅም ስለሚሰማው ቁርጠኝነት እጅ እየነሣሁ፣

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር
መሰለች ባጫ

ግልባጭ፦
ለጀዊሪያ ሱቅ በር (እንዲለጠፍ)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ላስረክብ ትናንት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ስብሰባ ላይ ናቸው ስላሉኝ በመስኮቱ አየሁዎ። ባልደረባዎ የግማሽ ዓመቱን አፈጻጸም እያነበቡ፣ እርስዎ አፍዎን በትንሹ ከፍተው፣ እጆችዎን ሆድዎ ላይ አጣጥፈው ነበር። ጸሐፊዎ ልትቀሰቅስዎ ስትነሣ ከልክያታለሁ፤ ሰው በስንት መከራ እንደሚተኛ አውቃለሁና። በሩንም ቀስ አድርጌ ዘግቼልዎታለሁ።