የፓምፕ ጣቢያው ዲስክ ቅጂ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ዝናብ። ምሳ የባቄላ ሾርባ፣ ጥሩ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ዛሬም ቀጭ ቀጭ ሲል ዋለ... ዲስኩ ነው። ፓምፖቹን የሚያዘው ይህ አንድ ኮምፒውተር ነው። ከሞተና ፓምፖቹን ቀን ከሌት በእጅ የሚያበራ ካልተገኘ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ታንከር በግማሽ ቀን ባዶ ይቀራል። ለሥራ አስኪያጁ ለትሪፎን ነገርኩት።
"እየሠራ አይደል? አትነካኪው።"
አለመንካት... እስከ መቼ?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6
አዲስ ዲስክ ገዛሁ። ፋይል ብቻ መገልበጥ አይበቃም። ሲስተሙ እንዳለ መቀዳት፣ ቅጂውም በራሱ መነሳት አለበት። ፓምፖቹን በእጅ እያበራሁ ቀዳሁ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። አሮጌውን ነቅዬ በአዲሱ ሞከርኩ... ጥቁር ስክሪን። አሮጌውን ስመልሰው ተነሳ፣ ተመስገን።
ለጋሽ ገናዲ ልደውል? ይህን ሁሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደውዬላቸው አላውቅም። ምን ይሉኛል?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7
ደወልኩ። ለክረምት የሚሆን ጎመን በርሜል ውስጥ እየጨመሩ ነበር።
"ዞሪ! ሦስት ዓመት ጠፍተሽ ዛሬ ምን ትዝ አለሽ?"
"የዲስኩ ቅጂ አልነሳ ብሎኝ ነው።"
"ኮምፒውተሩ ሲበራ ሲስተሙን የሚቀሰቅሰውን ማስነሻ ፕሮግራም አዲሱ ዲስክ ላይ ጻፍሽለት?"
"ማስነሻ?"
"አልጻፍሽም። ደግሞ ቅጂው ውስጥ ያለው የአሮጌው ዲስክ መለያ ቁጥር ነው። ካልቀየርሽው እሱኑ ሲፈልግ ይውላል።"
ሳቁብኝ። የክፋት ሳቅ አይደለም። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።
"እኔ እኮ አንድ ቀን እንኳ ለመቅዳት አልደፈርኩም። አበላሸዋለሁ ብዬ እፈራ ነበር።"
እሳቸውም? እኔ ብቻ መስሎኝ...
ያሉኝን አደረግኩ። ቅጂው ተነሳ። ፓምፑ ሲያጓራ ስሰማ ብቻዬን ሳቅኩ። ትሪፎን ግን "የቆየው ይሥራ" አለ። አሮጌውን መለስኩ፣ ቅጂው መሳቢያ ገባ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19
ረፋድ ላይ አሮጌው ዲስክ ጸጥ አለ። ለዘላለም። ቅጂውን ገጠምኩ፣ ስምንት ደቂቃ ብቻ። ከተማው ምንም አላወቀ፤ ሰው ሁሉ ዕቃውን ሲያጥብ፣ ገላውን ሲታጠብ ዋለ። ትሪፎን ቆሞ አየና፣ "በይ እንግዲህ፣ ለዚህኛውም ቅጂ ሥሪለት" አለኝ። ከእሱ ይህ ምስጋና ነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 22
ጋሽ ገናዲ መጡ። ሁለተኛውን ቅጂ አብረን ሠራን። እኔ ትእዛዞቹን እየጻፍኩ፣ የማደርገውን እየነገርኳቸው... እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ደብተር ላይ ይጽፋሉ።
"ቀስ በይ እንጂ፣ አልደረስኩብሽም። ድገሚልኝ።"
ደገምኩላቸው።