ሞተርህን ጀምበር እስክትጠልቅ ነዳሁት

ሙሌዬ፣ የቤቴ አባወራ፣

ከተለየኸኝ አሥር ወር አለፈ። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ስላጣሁ ነው። አለቀሰች፣ ቢሮ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ አለቀሰች ተብሎ ደብዳቤ አይጻፍም። አሁን ግን ወሬ አለኝ። አንጀትህን ቅቤ የሚያጠጣ ወሬ ነው፣ ተረጋግተህ ስማኝ።

አስቀድሜ የሰፈሩን ልንገርህ፣ አለዚያ ሌላው አይገባህም። አሁን ካዛንቺስ ብትመጣ መንገድ ይጠፋብሃል። ጋራዥህ የነበረበት መደዳ በሙሉ ፈርሷል። ጎሚስታው የለም፣ ሻይ ቤቷ የለችም። በቦታው ሰፊ መንገድ፣ መብራት፣ አበባ፣ የብስክሌት መንገድ ሳይቀር ተሠርቶልሃል። አንተ ዘይት እየተቀባህ የምትውልበት ቦታ ላይ አሁን ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ያምራል፣ አልዋሽህም፤ ባየሁት ቁጥር ግን ሆዴ ይባባል። የእኛ ግቢ ወደ ኡራኤል ዞር ያለ ስለሆነ አልተነካም። እድርተኛው ግን በየአቅጣጫው ተበትኗል። የእድሩ ዕቃ ቤት አብሮ ስለፈረሰ ድንኳኑን እኛ ሳሎን ከሶፋው ጀርባ አስቀምጠውታል። አንተ ብትኖር አንድ ቀን አታሳድረውም ነበር።

ሞተርህም ከጋራዡ ወጥቶ በራፋችን ላይ ላስቲክ ለብሶ ቆሞ ከረመ። ከሦስት የሞቱ ሞተሮች ገላ ለቃቅመህ የሠራኸው፣ ጓደኞችህ «ግማሽ ቀን» እያሉ የሚቀልዱበት ሞተር። ስሙን ያወጡለት ከቡታጅራ ወረድ ብሎ በየዓመቱ በሚደረገው በዚያ ትንሽ ውድድር የተነሳ ነው። ፍጥነት አይታይበትም፤ ከማለዳ ጀምሮ ጀምበር እስክትጠልቅ ዳገቱንና ወንዙን እየዞሩ መዋል ነው። የሌላ ሰው እጅ ሞተሩን ከነካ ደግሞ ውጣ ይባላል። አንተ ሁለቴ ሄድክ፤ ሁለቴም እኩለ ቀን ላይ ሞተሩ ቆመና አንገትህን ደፍተህ ተመለስክ። ለሦስተኛው ስትዘጋጅ ነው የታመምከው።

አርባህ እንደወጣ ወንድምህ ኃይሉ ይፈታ ማለት ጀመረ። ቦታ የለንም፣ ዝናብ እየመታው ነው፣ ቢያንስ መለዋወጫ ይሁን አለ። ክፋት የለበትም፣ ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ እብድ ሆንኩ። የአንተ እጅ የሠራው፣ በእጄ የቀረ ነገር እሱ ብቻ ነው። ኃይሉ ብሎኑን ሲፈታው ቆሜ ማየት አልችልም ነበር። ተጣላን፣ ተኮራረፍን። በመጨረሻ የእድራችን የሴቶች ሰብሳቢ እትዬ ዘነበች ሁለታችንንም ጠርተው ዳኙን። ሞተሩን ይዤ ወደ ውድድሩ እንድሄድ፣ ቀኑን ሙሉ ከዋለ ማንም እንዳይነካብኝ፣ መሀል ላይ ቆሞ ከቀረ ግን ኃይሉ እንዲፈታው ተስማማን። አፌን ሞልቼ እሺ ብዬ ወጣሁ።

መንዳቱንስ አስተምረኸኛል። እሑድ እሑድ ገላን ሜዳ ላይ ከጎኔ እየሮጥክ «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን!» እያልክ ስትጮህ፣ እኔ ፍሬኑ የቱ እንደሆነ ጠፍቶኝ የጭድ ክምር ውስጥ የገባሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ጭዱን ከጸጉሬ እየለቀምክ ሞተሩን ማስነሳት እስኪያቅትህ ሳቅክብኝ። ተቀይሜህ ቤት እስክንደርስ አላነጋገርኩህም፣ አንተም እየደጋገምክ እየሳቅክ ነዳህ። እና መንዳት እችላለሁ። ቀኑን ሙሉ መንዳት ግን ሌላ ነገር ነው፣ አንተም አልቻልከውም።

የወሰደችኝ ከድጃ ናት። ባምቢስ ሰፈር ልብስ የምትሸጠው ጎረቤታችን፣ ሚኒባሷን ለሹፌር አልሰጥም የምትለው ከድጃ። የኋላውን ወንበር ነቅላ ሞተሩን አስገባችልኝና አሰርነው። እትዬ ዘነበችም ዳኛ እኔ ነኝ፣ በዓይኔ ሳላይ አልፈርድም ብለው የፊተኛው ወንበር ላይ ተሰየሙ። ሜዳ ላይ ፀሐይ ትገድለናለች ብለው ደግሞ የእድሩን ድንኳን ከሶፋው ጀርባ አስወጥተው ጣራው ላይ አሳሰሩት። ሳሎኔ ድንኳኑ ከገባ ወዲህ እንደዚያ ሰፍቶ አያውቅም።

መንገዱን ብታይልን! እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ሐዘንተኛ ይዘን ምን ዘፈን ነው ብለው ቴፑን አስዘጉ። ጢያን ስናልፍ ከድጃን እንቅልፍ እንዳይወስዳት ብለው ራሳቸው አስከፈቱት። ትንሽ ቆይቶ ትከሻቸው መነቃነቅ ጀመረ። ከድጃ በመስታወት አየችኝ፣ እኔም አየኋት። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሆዴን እስኪያመኝ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደንገጥ ብዬ ዞር አልኩ፤ ከኋላዬ ሞተርህ በገመድ ታስሮ ቆሟል። መቀመጫውን ዳበስኩት።

አሁን ደግሞ ውርደታችንን ስማ። መንደሩ ስንገባ አመሻሽ ላይ ነው። እስቲ በእነሱ ዓይን እየን፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሚኒባስ፣ ጣራው ላይ የእድር ድንኳን፣ እኔ ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ እትዬ ዘነበች ለእኔ ብለው ጥቁር ነጠላ ደርበዋል፣ ከድጃም ሂጃቧ ጥቁር። የመንደሩ ሴቶች ምን ይበሉ? ለቅሶ መጣ አሉ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው እያለቀሱ ከደጃቸው ወጡ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። እትዬ ዘነበችን ደግሞ ታውቃቸዋለህ፣ ለቅሶ አይተው አያልፉም። እዚህ ሰው ሞቷል ብለው መኪናው ሳይቆም ወርደው አሮጊቷን አቅፈው ከእሳቸው ብሰው ጮኹ። እኔ መቼስ እንባዬ ቅርብ ነው፤ ማን እንደሞተ ሳላውቅ ወርጄ ተቀላቀልኩ። በሁለቱም ወገን እያለቀስን ለማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ከድጃ ናት የነቃችው። ስልጥኛ ትችል የለ፣ መሪውን እንደያዘች በመስኮት አንገቷን አውጥታ ማን ነው የሞተው ብላ ጠየቀች። አሮጊቷ እንባቸውን እየጠረጉ «እኛ ምን እናውቃለን? ይዛችሁ የመጣችሁት እናንተ!» አሉ። ከዚያ ከኋላ አንዷ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። እትዬ ዘነበች መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነው የሳቁት።

ሳቁ ሲበርድ የሞተውስ የእኔ ሰው ነው አልኩ። ከድጃ ተረጎመችልኝ። የመኪናውን የኋላ በር ከፍቼ ሞተሩን አሳየኋቸው። አሮጊቷ፣ ስማቸው ሸምሲያ ነው፣ ጠጋ ብለው አዩትና አወቁት። ይህን እየገፋ በደጄ ያለፈ ሰውዬ ነበር፣ ጠርቼው ውኃ ሰጥቼዋለሁ፣ ጠጥቶ አመስግኖኝ የአጥሬን በር ማጠፊያ አጥብቆልኝ ሄደ አሉ። ሙሌ፣ ይህን አልነገርከኝም። ተሸንፈህ፣ ደክሞህ፣ የሰው በር ትጠግናለህ! ሸምሲያ እኔን አቅፈው እንደገና አለቀሱ። በዚህኛው ግን ለማን እንደሚያለቅሱ ያውቁ ነበር። አንተም የማታውቀው አገር በደንብ ተለቀሰልህ።

በማግስቱ ማለዳ ተሰለፍን። ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ጎረምሶቹ ሁሉ ጉልበታቸው ላይ መከላከያ፣ ጫማቸው እንደ ወታደር። እኔ በጥቁር ሱሪ ላይ የአንተን ጃኬት ለብሻለሁ፤ እጅጌውን አጥፌዋለሁ። አንዱ ሞተሩን አውቆት «ግማሽ ቀን መጣ!» ብሎ ጮኸ፣ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

እንደጀመርን ሁሉም አልፎኝ ሄደ፤ እኔም አሳለፍኩ። ያኔ ነው የአንተ ችግር የገባኝ። ሰው ሲቀድምህ አይሆንልህም ነበር፣ ዳገቱ ላይ እልህ ትጋባለህ፣ ሞተሩ ይግላል፣ ያበቃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኡራኤል የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆምኩ ሴትዮ ነኝ፤ የሚያስቸኩለኝ የለም። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ እቀንሳለሁ፣ ቁልቁለቱ ላይ አሳርፈዋለሁ። አለዚያማ እንደ ባለቤቱ ነው፣ ከተቆጡት ያኮርፋል።

እኩለ ቀን ሲሆን ያው እንደ ልማዱ ማሳል ጀመረ። ዛፍ ጥላ ሥር አቁሜ እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ፈታሁና ወገቤ ላይ ባሰርኩት ነጠላ ጫፍ ጠረግኩት። ሞተሩ እስኪበርድ አጠገቡ ተቀምጬ እየተቆጣሁ ለመንኩት። ዛሬ ብታዋርደኝ ኃይሉ ነው የሚቀበልህ አልኩት። ከዚያ ተነስቼ ረገጥኩት፣ ተነሳ። ያዩኝ ሁሉ አጨበጨቡ ብዬ አልዋሽህም፤ ያየኝም አልነበረም። ብቻዬን ነው እየጮኽኩ የነዳሁት።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ጎማ ፈነዳበት፣ አንዱ ሰንሰለት ተበጠሰበት፣ እኔ እዞራለሁ። ወሬው ተሰማ መሰለኝ የመንደሩ ሴቶች በሙሉ ወንዙ ዳር ወርደው ተቀመጡ። ሸምሲያ መሀል ላይ ናቸው። እትዬ ዘነበች ድንኳኑን ትተው እዚያው ፀሐይ ላይ ከጎናቸው።

የመጨረሻው ዙር ላይ፣ ጀምበር ልትገባ ስትል፣ ወንዙ መሀል ድንጋይ አሳተኝና ወደቅኩ። እኔም ሞተሩም ጭቃ ውስጥ ገባን። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። የወደቀ ሰው ሊያነሱ ነው፣ ሌላ አያውቁም። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውኃው ውስጥ ገቡ። የአንዷ እጅ ቢነካው አለቀ። ባለ በሌለ ድምፄ «አትንኩት!» ብዬ ጮኽኩ። ከድጃም ከዳር ሆና በቋንቋቸው ጮኸች። ሁሉም እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው እዚያው ውኃው ውስጥ ቆሙ። ያን ያህል ሴት ሊረዳ ፈልጎ እጁን ይዞ ሲቆም አይቼ አላውቅም፣ ከእኔ በላይ የከበደው እነሱን ይመስለኛል።

መሪውን ይዤ ጎተትኩ፣ ንቅንቅ አላለም። ደግሜ ጎተትኩ፣ ጭቃው አንሸራትቶ በጉልበቴ ጣለኝ። በቃ አልኩ። ያኔ ነው ገላን ሜዳ ላይ ሞተሩን ሆን ብለህ ጥለህ አንሺው ያልከኝ ትዝ ያለኝ። እንደ ፍየል አትጎትቺው፣ ጀርባሽን ስጪው፣ በእግርሽ ተነሺ ነበር ያልከኝ። ዞርኩና ጀርባዬን መቀመጫው ላይ አድርጌ ቁጢጥ አልኩ። ሙሌ ያዘኝ አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ በሰው ፊት። ተነሳሁ። ሞተሩም አብሮኝ ተነሳ።

እልልታውን ከመቃብርህ ካልሰማኸው ጆሮህ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው! እግሬ እስኪዝል ረገጥኩት፣ ውኃ ተፋ፣ አሳለ፣ ተነሳ። ሜዳው ላይ ስደርስ ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። ከጨረሱት ሁሉ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ። ጠዋት የሳቀብኝ ጎረምሳ መጥቶ ሞተሩን ልንካው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አሁን ትችላለህ አልኩት። ጎንበስ ብሎ ታንኩን ሳመው።

እትዬ ዘነበች እዚያው ሆነው የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍተው ኃይሉ ጋ ደወሉ። ሰላምታ እንኳን አልሰጡትም። «ኃይሉ፣ መፍቻህን አስቀምጥ» አሉት። እሱ ካንዴላው አላስቸገራትም ወይ ብሎ ጠየቀና አለቀሰ። ወንድምህ ሲያለቅስ የሰማሁት በቀብርህ ዕለትና ያን ዕለት ነው። እኔ ግን ያን ዕለት አላለቀስኩም። ጭቃዬን እንደተቀባሁ እየዞርኩ ሰው ሳቅፍ አመሸሁ።

ጥቁር ልብሴ ታጥቦ ስላልደረቀ ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት ሸምሲያ ባለበሱኝ ቢጫ ቀሚስ ነው። እትዬ ዘነበች አይተው አልተቆጡም። ሙት ዓመትህ እስኪደርስ ጥቁሩን እለብሰዋለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ቢጫው ደስ አለኝ፣ አንተም ደስ የሚልህ ይመስለኛል። ኃይሉ ቅዳሜ መጥቶ ለሞተሩ በራፋችን ላይ የቆርቆሮ ጥላ ሠራለት። ሲጨርስ እንዴት እንዳነሳሁት እንዳሳየው ለመነኝ፣ እኔም ግቢው መሀል አስተኝቼ ሦስቴ አነሳሁለት።

ሙሌዬ፣ እስካሁን ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ የምጀምረው ከሆስፒታሉ ነበር። እንዴት እንደከሳህ፣ እጅህ ብርጭቆ መያዝ እንዳቃተው ነበር የማወራው። ያ እጅ ግን ከሦስት የሞተ ሞተር አንድ ሕያው ሠርቷል። ቀኑን ሙሉ ነዳሁት፣ ቆሞ አልቀረም። እስካለሁ ድረስ ሰው ሲጠይቀኝ የምጀምረው ከዚህ ነው።

አዜብህ