በየዓመቱ ያንኑ ኳስ ለምትሸጡልን

ይድረስ በየዓመቱ ስሙ ላይ አንድ ቁጥር እየጨመራችሁ የእግር ኳስ ጌም ለምታሳትሙ ክቡራን፤ ባላችሁበት።

ክቡራን ሆይ፣ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከነጎረቤቶቼ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። እንደ ወጉ ብርታቱን ይስጣችሁ እንዳልል፣ ብርታቱ ከበቂ በላይ እንዳላችሁ በየመስከረሙ በዓይኔ አያለሁ። ስለዚህ የምመኝላችሁ ዕረፍት ነው፤ ረጅም፣ ማንም የማያቋርጠው፣ ቢቻል ብዙ ዓመት የሚዘልቅ ዕረፍት።

ስሜ ፅጌረዳ ሉቃስ ይባላል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ መብራት ኃይል፣ አራት ስክሪን ያላት ጌም ቤት አለችኝ። ደንበኞቼ «ማዘር» ይሉኛል። እኔ ራሴ ጆይስቲክ ጨብጬ አላውቅም። ነጋዴ ነኝና የምመለከተው ስክሪኑን ሳይሆን ተረኞች የሚቀመጡበትን አግዳሚ ነው፤ ማን በጉጉት ይጠብቃል፣ ማን ስልኩን ይነካካል፣ ማንስ ከነጭራሹ ቀርቷል። የዕለት ውሎዬን የመጻፍ ልማድ ስላለኝም ያየሁት ቶሎ አይጠፋብኝም። አቤቱታዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ትፈቅዱልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ልግስናችሁ። አምና የሸጣችሁልንን ጌም ዘንድሮ እንደገና ስለሸጣችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማሊያው ተቀይሯል፣ ሣሩ በመጠኑ ለምልሟል፣ አንድ አሠልጣኝም ፂም አብቅሏል። በእኛ ሰፈር የትናንት ዳቦ አሙቆ «ትኩስ ነው» ያለ ባለ ሱቅ ዳግመኛ ደንበኛ አያይም። እናንተ ግን አሙቃችሁ ስታበቁ የማሞቂያውንም ታስከፍላላችሁ፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ለነጋዴ ስጦታ መሆኑን አልክድም።

ሁለተኛ፣ ስለ አዝራሮቹ። ምናልባት አልሰማችሁ ይሆናል እንጂ በእኛ ጌም ቤቶች ሕግ አለ፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ተጫዋቾቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ ይህ ሕግ ማንንም አይጎዳም፤ ዛሬ አንዱ ቢከፍል ነገ ሌላው ይከፍላልና። እናንተ ኳስ ማቀበያውንና መከላከያውን በየዓመቱ ስታቀያይሩት ግን፣ አዲሱን እቤቱ ቀድሞ የተለማመደ ሁልጊዜ ይቀመጣል፣ ያልተለማመደው ሁልጊዜ ይከፍላል። ያኤል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ አባቱ የጌም ማሽን ስለገዛለት አዲሱን በወጣበት ቀን ይጀምረዋል። ዳባ የሚባል ደግሞ አለ፤ ከዚህ ሰፈር ነባር ገበሬዎች ቤት የተወለደ፣ ጠዋት ጠዋት የቤተሰቡን ላሞች ወተት ለሆቴሎች የሚያደርስ፣ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ውስጥ የሚነግሥ ወጣት ነበር። አዲስ ቁጥር በወጣ ጊዜ ዳባ እየተሸነፈና እየከፈለ ተማረ። ሲለምደው ሌላ አወጣችሁ። አሁንም እየከፈለ ተማረ፤ አሁንም ሌላ አወጣችሁ። በመጨረሻ ጓደኛው መኩሪያ፣ ብየዳ ቤት የሚሠራው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮም ኬጂ ልትመዘገብ ነው?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ዳባም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያም ጆይስቲኩን ለተረኛው አቀብሎ ወጣ። በማግሥቱ አልመጣም። ከሳምንት በኋላ መኩሪያም የሚስቅበት ሰው ስላጣ ቀረ።

ሦስተኛ፣ አሸናፊውንም አለመርሳታችሁ። የሚገጥመው ሲጠፋ ያኤል ብቻውን ተቀምጦ አየሁትና አዲሱ እንዴት ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «እውነቱን ልንገርሽ ማዘር፣ ደብሮኛል፤ ካልገዛሁት ግን ጓደኞቼ አያጫውቱኝም» አለኝ። የሰለቸውን ሰው ከነስልቹነቱ ማስገዛት እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ነግጄ ያልደረስኩበት ጥበብ ነው፤ ባርኔጣ ቢኖረኝ አነሳላችሁ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ እኔ አመፅ። ባለፈው መስከረም አዲሱን አልገዛሁም። ይልቁንም ዳባ የነገሠበትን የድሮውን እትም ከመደርደሪያ አውርጄ፣ በሩ ላይ «አሮጌው አለ» ብዬ ለጠፍኩ። እንደ ነጋዴ ሞኝነት ይመስል ነበር፤ አግዳሚው ግን ሞላ። መኩሪያ ለዳባ ደውሎ «ና እንጂ ጃንሆይ፣ ዙፋንህ ተመልሷል» አለው። ጫማ ከሰቀሉ የቆዩ ተጫዋቾች በእኛ ስክሪን ላይ ይሮጡ ነበር፤ ማንንም ቅር አላለውም። የዳባ እናት ወይዘሮ ገዲሴ አንድ ጣሳ ወተት ይዘው መጥተው «አንቺ ጋ ካለ ልቤ ያርፋል» አሉኝ። ልጃቸው ከእኔ ቤት በቀረባቸው ወራት የት ይውል እንደነበር ያውቃሉ፤ ከቤቴ ፊት ለፊት የውርርድ ቤት ተከፍቷል።

አምስተኛ። አንድ ከሰዓት ስክሪኑ ላይ «የዚህ እትም አገልግሎት ተቋርጧል፤ እባክዎ ወደ አዲሱ ይሻገሩ» የሚል ጽሑፋችሁ ወጣ። ዲስኩ በእጄ ነው፣ የገዛሁትም እኔ ነኝ፤ በተከፈተ ቁጥር ከእናንተ ፈቃድ ይጠይቅ እንደነበር ያወቅሁት ፈቃዱ ሲቀር ነው። ዳባ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበና «ማዘር፣ ውጡ እያሉን እኮ ነው» አለኝ። ነገ ይስተካከላል አልኩት። አልተስተካከለም፤ «እባክዎ» ስላላችሁን ግን አመሰግናለሁ።

ዳባ አሁን የሚውለው ከመንገዱ ማዶ ነው። አልወቅሰውም፤ እዚያ ለመሸነፍ በየዓመቱ አዲስ ነገር መማር አያስፈልግም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠርቼዋለሁ። «መጣሁ ማዘር» ይለኛል፤ አይመጣም። ቢመጣስ የማስቀምጠው የትኛው ጌም ፊት ነው? ወይዘሮ ገዲሴ በበሬ ሲያልፉ ወደ ውስጥ መመልከት ትተዋል። ሰላምታቸውን ግን አልነፈጉኝም፤ የሚከብደኝም እሱ ነው።

እዚህ ላይ መፍትሔ መጠየቅ ነበረብኝ። በሦስት ዓመት አንዴ ብታወጡ፣ አሮጌውን ባትዘጉብን ብዬ ጀምሬ ነበር፤ መልሼ ሰረዝኩት። ንግድ አውቃለሁ። ሰው እያማረረ የሚገዛ ከሆነ፣ ምሬቱን ሰምቶ ገበያውን የሚዘጋ ነጋዴ የለም፤ በእናንተ ወንበር ብቀመጥ እኔም አልዘጋም። ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ትለወጣላችሁ ብዬ አይደለም። የአንድ ቤት መዘጋት ቢያንስ ለዘጋው ሰው ይነገረው ብዬ ነው።

ስክሪኖቹን እየሸጥኩ ነው። ቤቱን የሕፃናት ልብስ መሸጫ አደርገዋለሁ። ሕፃን በየዓመቱ ሌላ ቁጥር ቢፈልግ፣ በእውነት አድጎ ነው።

የማያልቀውን ትጋታችሁን እያደነቅሁ፣ ያለቀውን የደንበኞቼን ትዕግሥት ከዚህ ጋር አያይዤ በአክብሮት አስረክባለሁ፤

ፅጌረዳ ሉቃስ
የጌም ቤት ባለቤት የነበረች፣ ለቡ መብራት ኃይል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ማሽኖቹን ስነቅል፣ አንደኛው ላይ መልእክታችሁ መጣ። ያን ማሽን መጀመሪያ የከፈተልኝ ዳባ ነበርና በስሙ ስለተመዘገበ የጻፋችሁት ለእሱ ነው፤ «ዳባ፣ ከተጫወትክ ቆየህ፤ ናፍቀኸናል፤ አዲሱን እትም በቅናሽ አዘጋጅተንልሃል» ይላል። ስለ አሳቢነታችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናቱንም ናፍቋቸዋል፤ እሳቸው ግን የሚያቀርቡለት ቅናሽ የላቸውም።