«ግን» የሌለው አዎ

ኦስትዋርድ፣ ዜላንድ
ማክሰኞ፣ ጁን 12 ቀን 2018

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባባ፤

ይህን ደብዳቤ ኬስ እንዲያነብልዎ አልፈልግም። መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት። ወንድሜ ሲያነብ የማይጥመውን ይዘላል፤ ያልተጻፈውን ይጨምራል። ልጆች ሆነን ከምግብ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብልን፣ ረጅሙን የትውልድ ቁጥር እንዴት ይዘለው እንደነበር እርስዎም ያውቃሉ። ላሞቹ የሚታለቡበት ሰዓት ስለደረሰ ዝም ይሉት ነበር እንጂ አላመለጠዎትም።

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያን የበረንዳ ደረጃ ሳይደገፉ አይውረዱ። እኔ ደህና ነኝ። ዶክተርም ሆኛለሁ። ይህን ከእኔ ሳይሆን ከጋዜጣ መስማትዎ ያናድደኛል። በተመረቅኩ ዕለት ስደውል «ተኝተዋል» ተባልኩ፤ በማግስቱም ተኝተዋል። ዕድሜ ልክዎን ጎሕ ሳይቀድ ሲነሡ የኖሩ ሰው ካናዳ፣ አልበርታ ገብተው እንቅልፍ መውደድዎ ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ ኬስ ራሱ ደወለ።

«ኔልቼ፣ አባባ ምሳ አልበሉም» አለኝ።

«ምን ሆነው?»

«ምን ሆነው ትያለሽ እንዴ! ጋዜጣውን አነበብኩላቸው። ‹የሚናርድ ልጅ፦ አዎ፣ የአባቴን መሬት ለባሕር እሰጣለሁ› ይላል፤ ያውም ከነፎቶሽ።»

«ብያለሁ እኮ።»

«ስሚኝ፣ መውጫ አለሽ። ሥርዓቱን የምትመራው ሴትዮ በበትሯ መትታ አቋረጠችሽ አይደል? ‹ግን ብዬ ልቀጥል ስል ሰዓቱ አለቀ› በያቸው። አንድ ስልክ ነው። እምቢ ካልሽ አባባ ‹ስሜን ትመልስልኝ› ብለዋል።»

ለእሱ መልስ አልሰጠሁትም፤ የምመልሰው ለእርስዎ ነው። አስቀድሜ የሆነውን ልንገርዎ፤ ከቤታችን አንድም ሰው የምረቃው አዳራሽ ውስጥ አልነበረምና።

መንግሥት እርሻችን ያለበትን ሜዳ፣ የኮርኔሊያን መሬት ወስዶ ለባሕር ሊለቀው በወሰነ ጊዜ፣ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው «ልጄ እዚያ ኮሌጅ ናት፤ መሳሳታቸውን ታሳያቸዋለች» ማለትዎን አልረሳሁም። እኔም የዶክትሬት ምርምሩን የጀመርኩት በዚሁ ተስፋ ነበር። የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ስለ ውሃ የማውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ ከጎኔ ያለውን ቢሮ አንኳኳሁ። ሱሬሽ ራምዲንን ያስታውሱታል፤ የሱሪናሙ ልጅ፣ የውሃ ተመራማሪው፣ የአተር ሾርባዎን አስደግሞ የበላው። የመለኪያ ብረቱን እርሻዎ ላይ እስኪሰካ ድረስ ይወዱት ነበር። ሱሬሽ ለካ። መሬታችን ከባሕሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ጨዉ ከሥር እየወጣ ነው። የባሕሩን ግድብ የፈለጉትን ያህል ከፍ ቢያደርጉት ከታች የሚመጣውን አያቆመውም። ወንዙ ሲሞላ ደግሞ የሚተኛበት ሜዳ ካላገኘ ከተማው ውስጥ ይተኛል። ተሳስቶ እንዲገኝ እየተመኘሁ ልኬቱን አብሬው ደጋግሜ አየሁ። አልተሳሳተም።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ሄድኩ። መሬቱን ለቀው በየከተማው ፎቅ የገቡትን ጎረቤቶቻችንን ቤት ለቤት ዞሬ ጠየቅኩ። ላሞቹ ከተሸጡ ወዲህ ከሚስቱ ጋር መነጋገር ያቆመውን ሰው ጻፍኩ። በማለቢያው ሰዓት እየነቃች፣ የምታልበው አጥታ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ የምትቀረውን ሴት ጻፍኩ። ይህ ምዕራፍ አምስት ሆነ፤ የምርምር መጽሐፌ ሲሶ እሱ ነው።

የፈታኞቹ ሰብሳቢ ፕሮፌሰር ኦትማር ክላይን ረቂቁን አንብቦ ኮሌጁ ምግብ ቤት ምሳ ላይ አስቀመጠኝ። ዳቦ በአይቡን እየገመጠ፣ አሬራውን እየጠጣ ጀመረ።

«ውሃው ግሩም ነው። ምዕራፍ አምስትን አውጪው።»

«ለምን?»

«እንባ መረጃ አይደለም።»

«አልቅሰህ ታውቃለህ ኦትማር?»

«ይሄን ከዚያ ምን አገናኘው?»

«እሱን እኮ ነው ምዕራፍ አምስት የሚያስረዳው።»

«ኧረ ተይ! የውሃ ሰዎች ሲያነቡት ልብ ወለድ ነው ይላሉ። የታሪክ ሰዎች የሱሬሽን ሰንጠረዥ ሲያዩ መጽሐፉን ይከድኑታል። የትኛው መደርደሪያ ላይ ላስቀምጥልሽ?»

«ጠረጴዛ ላይ ተወው» አልኩት።

ኮሌጃችን ከየአገሩ ተማሪ ለመጥራት በሚያሳትመው መጽሔት ላይ «በዕውቀት ዘርፎች መካከል ያለውን ግድግዳ እናፈርሳለን» ብሎ ይጽፋል። አንድ ሰው የምሩን ማፍረስ ሲጀምር አቧራው ያስነጥሳቸዋል። ውሃውን ብቻ ይዤ ብቀርብ እነሱ ያጨበጭቡልኝ ነበር፤ ሰዎቹን ብቻ ይዤ ብቀርብ እርስዎ ያጨበጭቡልኝ ነበር። ማንንም ለማስደሰት ግማሹን አልጥልም አልኩ። ኦትማርም አጉረምርሞ አጉረምርሞ፣ ሌሎቹ ፈታኞች ሲጫኑት ፈረመ።

ጽሑፌን በአደባባይ የተከላከልኩት ያለፈው ሐሙስ ነው። እንደ ደንቡ ከጀርባዬ፣ ልክ እንደ ሠርግ፣ ሁለት ሚዜዎች መቆም ነበረባቸው። አንዱ ሱሬሽ ነበር፤ የተከራየው ባለ ጅራት ጥቁር ኮት ሆዱ ላይ አልገጥም ብሎት ቀኑን ሙሉ ትንፋሹን ውጦ ዋለ። ሁለተኛውን ቦታ ለኬስ ይዤለት ነበር። ጠየቅኩት፣ አልመጣም ብሎኛል፤ ሌላ ሰው አልለመንኩም። በትር ይዛ ሥርዓቱን የምትመራው ሴትዮ «ሁለት ካልሆኑ አይጀመርም» ብላ ስትጨነቅ፣ ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት በእሑድ ባርኔጣቸው ተነሡ። እትዬ ፒትየ! የግድቡ ሥር ጎረቤታችን፣ እርሻቸውን ካጡ ጀምሮ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ማዶ የሚሻገሩት እትዬ ፒትየ።

«ለሥራሽ አይደለም የምቆመው» አሉኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። «አባትሽ ማሪነስ ልጁን ጥሎ ካናዳ ቢገባም ጎረቤቱ አልሞተችም!»

እየጠየቁኝ፣ እየመለስኩ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ተራው የኦትማር ሆነ። በዚያ አዳራሽ አንተ አንቺ መባባል የለም።

«ምዕራፍ አምስትን የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለ። «እንግዲህ ይንገሩን። የኮርኔሊያ መሬት፣ የአባትዎ መሬት፣ በእጅዎ ቢሆን ለባሕር ይሰጡታል?»

«አዎ» አልኩ።

በሩ ተከፈተ፤ ሴትዮዋ ገብታ በትሯን ወለሉ ላይ መታችና «ሰዓቱ ደርሷል» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አንድ ቃል መጨመር አይፈቀድለትም።

ሁሉም ያቺን በትር አማረረ፣ ለእኔም አዘነልኝ። ሱሬሽ እንኳ «እኔ ውሃ ለኪው ትንሽ ‹ግን› ጠብቄ ነበር» አለኝ። እትዬ ፒትየ የእንኳን ደስ አለሽ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወደ እኔ መጡ።

«‹ግን› ልትዪ ነበር፣ አይደል?»

«አልነበርኩም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ደረቅ!» አሉና ያልጠጡትን ብርጭቆ እጄ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። «ቁርጥ አባትሽን!»

በማግስቱ በገበያው መንገድ ተገናኘን። ሰላም አላሉኝም። ማዶም አልተሻገሩም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፣ አባባ። በትሩ የቆረጠው ነገር የለም። ዓረፍተ ነገሩ አልቆ ነበር። ለጋዜጣው አልደውልም፤ ደውዬም የሌለ «ግን» አልፈጥርም። ያ መሬት ለእኛ ምን እንደነበር ያላወቀ ሰው «አዎ» ቢል ይናደዱበት፤ ትክክል ነዎት። እኔ አውቃለሁ። የእያንዳንዷን ላም ስም አውቃለሁ። እናታችን ልብስ የምታሰጣበት ገመድ የትኛው ዛፍ ላይ እንደታሰረ አውቃለሁ፤ ዛፉ ከሥሩ በጨው እየደረቀ መሆኑንም አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ማወቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም አልጠየቀኝም። እርስዎም አልጠየቁኝም።

የታመመችን ላም «ምንም አትሆንም» ያለዎትን ሐኪም ከነቦርሳው ከግቢ ያስወጡ ሰው ነዎት። አሁን ልጅዎ እንደዚያ ሐኪም እንድትሆንልዎ ይፈልጋሉ? አልሆንም። እየወደድኩዎት አልሆንም።

ስለ ስሙ ደግሞ፣ ስም እንደ ወተት ገንቦ ተውሰው የሚመልሱት ዕቃ አይደለም። ጉባኤው ፊት ውሃ ተረጭቶብኝ ሲሰጠኝ ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም፤ ለመመለስም ፈቃዴን አልሰጥም። መጽሐፉ ጀርባ ላይ በትልቁ ታትሟል።

የባሕሩ ግድብ የሚከፈተው በኦክቶበር ነው። ባለሥልጣኖቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ ተማሪዎቼም ቦት ጫማቸውን ገዝተዋል። እኔ ድንኳኑ ጋ አልሄድም፤ እኛ ቤት በነበረበት በኩል፣ ከተማውን ለመጠበቅ ከኋላ በተሠራው አዲሱ ግድብ ላይ ነው የምቆመው። ሱሬሽ «አብሬሽ ልቁም?» ሲለኝ «ቦታው ሰው አለበት» አልኩት።

ደረጃ መውጣት እንዳይቸግርዎ የምድር ቤቱን ክፍል ባዶ አድርጌዋለሁ፤ አልጋውም ገብቷል። ሊቆጡኝ ይምጡ። ሊረግሙኝም ከሆነ ይምጡ። ብቻ በኬስ አፍ አይሁን። ውሃው ሲገባ ተሳስተሻል የሚለኝ ሰው አጠገቤ መኖር አለበት፤ ከእርስዎ በቀር ያንን ለማለት መብት ያለው አላውቅም።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታ፣ ልብዎንም ያለዝብ። የእኔን እንዲያለዝብ አልለመንኩትም። እንደ ወጋችን ሦስት ጊዜ ጉንጭዎን እስማለሁ፤ ፊትዎን ቢያዞሩም እስማለሁ።

ልጅዎ፣
ዶክተር ኔልቼ ሚናርድ