ያዞርኩት ቀስት

ሰኞ
ጀመሩ! ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ ምሰሶ ሲተክሉ ዋሉ። አዛዣቸው ከዩኒቨርሲቲ የመጣች መምህርት ናት፤ የሌላ አገር ልጅ። ብርዳችን አፍንጫዋን አቅልቶታል፣ ይበላት። ታፔላው ሁሉ አንድ ዓይነት ፊደል፣ አንድ ቁመት፣ መታጠፊያ ባለበት ሁሉ ቀስት። እኔ ደምለው፣ አስራ ሰባት ዓመት የመኪና መድረሻ እየጮህኩ ተሳፋሪ የጠራሁ፣ ድምፄን ሰምቶ ከከተማው ውጪ ጋፋት ያለ በሬ የሚደነብር፣ ቆሜ አየሁ።
«የኔ ጉሮሮ ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?» አልኳት።
«አምስት ሰው ባንዴ ሲጮህ እንግዳ ይደናገራል። ታፔላ አይጮህም» አለች።
ማንበብስ እኔም አውቃለሁ! የማታ ትምህርት የመጀመሪያውን ደረጃ ከጨረስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። አብረውኝ የሚማሩት እማማ ትሁኔ «አንደኛዋ እኔ ነኝ» ይላሉ። በዕድሜ ይሆናል።

ማክሰኞ
የመናኸሪያው ኃላፊ ሰበሰበን። ሐሙስ ሙከራ ነው፤ ጠሪ ሁሉ አፉን ዘግቶ ይቆማል። ታፔላው ከሠራ ጠሪ ከግቢው ይወጣል። «ከሠራ» ነው ያለው። እሷን ቃል ያዝኩ።
ታፔላዎቹን አንድ ባንድ አነበብኳቸው። አንድ ስህተት የለባቸውም። ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ረቡዕ
ይህን ለደብተሬ ብቻ። ዘበኛው ምሳ ሲሄድ ወደ ሐሙሲት ከተማ መኪኖች የሚመራውን ቀስት ብሎን በመፍቻ አላላሁ፣ ቀስቱን በተቃራኒው መንገድ ነፋስ መውጫ ከተማ ወደሚሄዱት መኪኖች አዞርኩ፣ መልሼ አጠበቅኩ። መኪኖቹ ማቆሚያ ላይ ገና ታፔላ የለም፤ ሰው የሚመራው ቀስቱ ብቻ ነው። እስቲ አሁን ትማር!

ሐሙስ
መምህርቷ ክፍል ስላላት የለችም። ሰው ተሳስቶ ከገባበት መኪና እየወረደ ሲሳደብ በሳቅ ሞትኩ።
ከዚያ እማማ ትሁኔ መጡ፣ ነጠላ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው። ሐሙሲት የወንድማቸው ተዝካር ነው።
«እንዳትነግረኝ!» አሉኝ። «ዛሬ ራሴ ነኝ የማነበው።»
በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ሐ፣ ሙ፣ ሲ፣ ት። ኃላፊው ከጎኔ ቆሞ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ያየኛል። አስራ ሰባት ዓመት ያልተዘጋ አፌ ዛሬ አልከፈት አለ። ቀስቱን ተከትለው የነፋስ መውጫው መኪና ውስጥ ገቡ። ሄደ።

ዓርብ
ጠዋት ኃላፊው «ታፔላው አልሠራም፤ መጥራታችሁን ቀጥሉ» አለን። አሸነፍኩ። ጠራሁ፤ ድምፄ ሻከረብኝ።
አመሻሽ ላይ እማማ ትሁኔ ክፍል መጡ። ሊማሩ አይደለም፤ ደብተራቸውን ለአስተማሪው ሊመልሱ።
«አንብቤ ሄጄ ነፋስ መውጫ መንገድ ላይ፣ ክምር ድንጋይ ከተማ ወረድኩ። ተዝካሩም አለፈኝ። ያረጀ ጭንቅላት ፊደል አይዝም፤ ልጄ፣ በቃኝ» አሉት።
እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «እማማ፣ ቀስቱን ያዞርኩት እኔ ነኝ።»
ስድብ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን፦
«ፊደሉስ? ሐሙሲት ነው የሚለው?»
«ነው።»
«አራቱም ልክ ነበሩ?»
«አራቱም።»
ደብተራቸውን ከአስተማሪው እጅ መነጨቁ። ከዚያ ከዘራው ትከሻዬ ላይ አረፈ። «አንተ ከይሲ! የወንድሜን ተዝካር! ነገ እፊቴ ታቃናዋለህ። ታፔላውን ላሠራችው ልጅም በገዛ አፍህ ትነግራታለህ።»

ቅዳሜ
አቃናሁ። ነገርኳት። መምህርቷ የግቢውን ንድፍ ይዛ ነበር የመጣችው።
«የኔ ስህተት መስሎኝ ሁለት ሌሊት ስፈትሸው አደርኩ» አለች፤ ፊቷን አዙራ። ከዚያ ቀስቱን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀች። አልተነቃነቀም። ይቅርታዬን መቀበሏን አላውቅም።
ኃላፊው ሰኞ ቢሮ እንድመጣ ጠርቶኛል። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው።
እማማ ትሁኔ ሐሙሲት ወንድማቸው መቃብር ሊደርሱ ነው፤ ከቀስቱ ሥር ቆመው ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «እስቲ አንተም ጥራ፤ ከታፔላው ጋር መስማማታችሁን ልስማ» አሉ።
ጠራሁ። ድምፄ ጋፋት የደረሰ አይመስለኝም።