«ወር፣ 2» ስለተባለችው ብጣሽ ወረቀት

...ጣቷ ገና «ወ» ላይ ነበር። ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ እየተንቀሳቀሰ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ እስከ ጆሮዋ ወጥቶ የነበረው ትከሻዋ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ጠመኔ አንስቼ ይሆናል። ወደ መስኮቱ ዞሬም ይሆናል።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከሰላምታ መጀመር ነበረብኝ።

ለተከበሩ የትምህርት ቤት መጻሕፍት የሥነ ምግባር መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ኅሊናዎ ያልተነካ ይሁን እያልኩ፣ እኔ የሰባተኛ ክፍል የቋንቋ መምህር ይህን ደብዳቤ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ደብዳቤውን በአደባባይ ማድረጌ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ወደ ቢሮዎ ብቻዋን የገባች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ምን ተብላ እንደወጣች ስላየሁ፣ ይህኛውን ሰው ሁሉ አስቀድሞ ያንብበው ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። በክፍላችን ጥግ፣ አንድ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን በተደገፈ መደርደሪያ ላይ፣ ስድስት መዝገበ ቃላት ነበሩን። ኮሚቴዎ በውስጣቸው ለታዳጊዎች የማይገቡ ቃላት መኖራቸውን ደርሶበት መጀመሪያ አስቆረጣቸው፣ ቀጥሎም አስወገዳቸው። ከቃላቱ አንዱን ስታነብ የታየችውን የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪ ደግሞ የሐኪም ማስረጃ እስክታመጣ ድረስ ከክፍል አገዳት። ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ምላጩ አመሰግናለሁ። የላኩልን የቢሮ ሠራተኛ የአሥራ ሰባት ቃላት ዝርዝር፣ ማስመሪያና ምላጭ ይዞ መጣ፤ ጉልበቱ በማይገባበት የተማሪ ዴስክ ላይም እንደምንም ተጣጥፎ ተቀመጠ። ጨዋ ሰው ነው። ትንሽ ቆይቶ «ጋሼ፣ እኔ እንግዲህ የታዘዝኩትን ነው፤ ግን «ጠ» ከ«ጨ» በፊት ናት በኋላ?» ብሎ ጠየቀኝ። በፊት ናት አልኩት። አዎ፣ ገጾቹን እየፈለግሁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ታዲያ አንድ ቅጠል ወረቀት ሁለት ፊት እንዳለው፣ በአንድ ፊቱም ላይ ብዙ ቃላት ተጎራብተው እንደሚኖሩ ኮሚቴዎ ያሰበበት አይመስለኝም። «ብልት» ሲወጣ ጎረቤቶቹ «ብልህ» እና «ብልሃት» አብረው ወጡ። «ጡት» ስትቆረጥ «ጡንቻ»ን፣ «ጡብ»ን፣ እኔ ሁለት ዓመት የቀረኝን «ጡረታ»ንና «ጡር»ን ይዛ ሄደች። ክፍላችን አሁን ብልሃት የሌለበት፣ ጡር የማይፈራበት ንጹሕ ክፍል ሆኗል። ለዚህም ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

2ኛ. በቀጣዩ ሳምንት የተረፈውን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስባችሁ ስለወሰዳችሁልን አመሰግናለሁ። አሥራ ሰባቱን ነውር ለማግኘት አምስት የኮሚቴ አባላት መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እንዳገላበጣችሁት ከሪፖርታችሁ ተረድቻለሁ፤ በትምህርት ቤታችን ይህን ያህል ትጋት ያሳየ ተማሪ እስካሁን አላፈራሁም። የበሩ ጥበቃም ሥራውን አክብዶ ይዞታል። ባለፈው ሰኞ ቦርሳዬን አስከፍቶ፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ መዝገበ ቃላት እንዳይገባ ተብለናል» ካለኝ በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ለመሆኑ ምን ዓይነት ነገር ነው? ይፈነዳል እንዴ?» አለኝ። አይፈነዳም አልኩት። ሳስበው ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

3ኛ. እዚህ ላይ እጄ ይዘገያል።

ሪፖርታችሁ በገጽ አራት ላይ እንዲህ ይላል፦ «በመጽሐፉ ውስጥ ተደብቆ የተገኘ፣ በእርሳስ የተጻፈ አጠራጣሪ መልእክት፤ ‹ወር፣ 2› የሚል።» አምስት ትልልቅ ሰዎች፣ የታሸገ ውኃ በየፊታችሁ ተደርድሮ፣ በዚህች ብጣሽ ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተወያይታችኋል። በመጨረሻም ልጅቷ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን ለአንድ ላልታወቀ ሰው በምስጢር የገለጸችበት ነው ብላችሁ በሙሉ ድምፅ ወሰናችሁ። ሪፖርቱን ያነበብኩት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። አንብቤ ስጨርስ ወደ ቧንቧው ሄጄ እጄን ታጠብኩ። ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት፤ ደግሜ ታጠብኩ።

የተከበሩ ሰብሳቢ፣ ሁለት ወር ለማለት የፈለገ ሰው «2 ወር» ብሎ ይጽፋል። ከመካከላችሁ ያቺን ነጠላ ሰረዝ ያየ ሰው የለም? መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከቃል ቀጥሎ የሚመጣ ቁጥር የትርጉም ቁጥር ነው። «ወር» የሚለውን ብትከፍቱ የመጀመሪያው ትርጉም ሠላሳ ቀን ገደማ ይላል። ሁለተኛው ትርጉም እንዲህ ይላል፦ «የወር አበባ፤ ለአካለ መጠን በመድረስ ላይ ካለች ልጅ ጀምሮ በየወሩ ከማኅፀን የሚፈስ ደም፤ በሽታ አይደለም።» በቃ፤ ብጣሿ ወረቀት የምትለው ይህንኑ ነው። ግን ልትከፍቱት አትችሉም ነበር፤ ገጹን ቆርጣችሁ ጥላችሁታል።

ከዚያ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምታሳድጋትን እናቷን አስጠራችሁ። በዕድሜ ከመካከላችሁ ሁለቱን የምትበልጠውን ሴት «አንቺ» እያላችሁ፣ ቆማ፣ «ልጅሽን አስመርምረሽ ማስረጃ ይዘሽ ነይ» አላችኋት። እሷም፣ «ምኗን ነው የማስመረምራት?» ብላ ጠየቀች። ሁላችሁም የጠረጴዛውን ጨርቅ መመልከት ጀመራችሁ ይባላል። እውነት አላችሁ፤ ቃሉ ተከልክሏል።

4ኛ. አራተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም።

ምላጩ ከመምጣቱ በፊት አንድ ቀን፣ ደወል ተደውሎ ተማሪዎቹ ሲወጡ ልጅቷ አልወጣችም። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ከጀርባዬ ቆማ ነበር። «ቲቸር፣ የሆነ ነገር እየፈሰሰኝ ነው» አለችኝ። «ለእማዬ አይንገሩብኝ። ልሞት ነው መሰለኝ።»

እኔ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ። ሁለት ሴቶች ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ማለቴ፣ ይህ ወሬ ሲነሳ እናታቸው በዓይኗ ስትጠቅሰኝ ወደ ሌላ ክፍል እየሄድኩ አሳድጌያለሁ። ቃሉን አውቀዋለሁ። አፌ ላይ ግን አልመጣም። ሃያ ሰባት ዓመት ቃላት ሳስተምር ኖሬ ልሞት ነው ለምትል አንዲት ልጅ አንድ ቃል አልነበረኝም። ከስም መጥሪያው ኅዳግ ላይ ቁራጭ ቀድጄ «ወር፣ 2» ብዬ ጻፍኩና ፊቷን ሳላይ ዴስኩ ላይ አስቀመጥኩት። እሷም መዝገበ ቃላቱን አውርዳ ገለጠች፤ ደብዳቤዬ የጀመረው ከዚያ ነው፤ ብጣሿን እዚያው ገጹ ውስጥ ትታት ሄደች።

ብጣሿ ወረቀት የእኔ ናት።

ማን እንደጻፈው ሦስት ጊዜ ጠይቃችኋታል፤ ሦስቱንም ጊዜ «አላውቅም» ብላችኋለች። እኔ ደግሞ በእነዚህ አሥራ ዘጠኝ ቀናት በየጠዋቱ ስም ስጠራ የእሷ ተራ ሲደርስ «ቀሪ» ብዬ ምልክት አደርጋለሁ። ያው በዚያው እርሳስ። መጽሐፉ ያላፈረበትን እኔ አፈርኩበት፤ እናንተም አፈራችሁበት፤ የእናንተ እፍረት ማኅተም ስላለው ሕግ ሆነ፣ የእኔ ስለሌለው ዝምታ ሆኖ ቀረ። ልዩነታችን ይኸው ነው፤ ማታ ማታ ስፈልገው ሌላ ልዩነት አላገኘሁም።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። ልጅቷ ያለ ምንም ማስረጃ፣ ያለ ምንም ፊርማ ወደ ዴስኳ ትመለስ። እናቷ ወንበር ተሰጥቷት፣ «እርስዎ» ተብላ፣ ይቅርታ ትጠየቅ። ክስ ካለ በእኔ ላይ ይሁን፤ የእጅ ጽሑፉን እንድታስተያዩ ብዬ ይህን ደብዳቤ ሆን ብዬ በእርሳስ ጽፌዋለሁ።

ልጆቻችንን ከማወቅ በመጠበቅ ረገድ ላሳዩት የማይደክም ትጋት፣ ለደከሙበት ንባብና ላላነበቡት አንድ መስመር የሚገባዎትን ያህል አክብሮት፣ አንዲት ቅንጣት ሳላጓድል አቀርባለሁ፤

የሰባተኛ ክፍል የቋንቋ መምህር
የአጠራጣሪው መልእክት ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለአምስቱም የኮሚቴ አባላት፤ በተለይ ሴት ልጅ ላላቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን በእጄ ላስረክብ መጥቼ ይህን የምጽፈው ከቢሮዎ ደጅ፣ ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። እናትና ልጅ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ማስረጃውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። እናቷ፣ «መምህር፣ እስቲ ምን እንደሚል ያንብቡልኝ» አለችኝና አነበብኩላት፤ በዚህ ኮሪደር ውስጥ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ሐኪሟ ጤነኛ ናት ብላለች፤ ቃሉንም ሙሉውን ጽፋዋለች። ስለሆነም ሰነዱ ራሱ ለታዳጊዎች የማይገባ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ልጅቷ የራሷን ማስረጃ ማንበብ ይፈቀድላት እንደሆነ መመሪያ ቢሰጡን።

አሁን ጸሐፊዎ ወጥታ «ልጅቷ ብቻ ትግባ» አለች። እናቷ ተነሳች። እኔም ደብዳቤውን ይዤ ተነሳሁ። «መምህር፣ እርስዎ ቀጠሮ የለዎትም» አለችኝ ጸሐፊዋ። ልጅቷ ከደፉ ላይ ዞር ብላ የያዝኩትን ወረቀት አየች፤ ከዚያ እኔን አየችና ራሷን በትንሹ፣ ከእኔ በቀር ማንም እንዳያይ አድርጋ፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።