በኦቾሎኒ የተዋጋኸው ጦርነት

ሆኖሉሉ፣ ካካአኮ

ውድ ኢዋዞ፣

ባለፈው እሑድ፣ በወንድምህ ሙት ዓመት ላይ፣ በሰው ፊት ጠይቀኸኝ ዝም ያልኩህን ጥያቄ ዛሬ ልመልስልህ ነው። ዝም ያልኩት መልስ ጠፍቶኝ አይደለም። ለጸሎቱ የጠራናቸው መነኩሴ ገና ሾርባቸውን አልጨረሱም ነበር።

አንተ መቼም ሳኬ ቀመስ ካደረግክ ፐርል ሃርበርን እንደገና ሳትደበድብ አታድርም። ያን ዕለትም ከወንድምህ ከቶራኪቺ ፎቶግራፍ ፊት ለመታሰቢያው ያኖርኩትን ኦቾሎኒ ዘግነህ ጠረጴዛው ላይ በተንከው። ሳህኖቼ የአሜሪካ መርከቦች ሆኑ፣ የስጎ ጠርሙሴ የነዳጅ ጋን፣ ኦቾሎኒው የጃፓን አውሮፕላን። "ነዳጁን መትተውት ቢሆን ኖሮ!" ብለህ ጠርሙሱን ስታጋድመው የጠረጴዛ ልብሴ ተበላሸ። ፀጉር አስተካካዩ ኩሮዳ ደግሞ፣ "አይ ኢዋዞ! አንተን የመሰለ አድሚራል ዓሣ ሲጎትት ይኑር?" እያለ ያሟሙቅሃል። ቀጠልክ። አሜሪካኖቹ ራዳሩ ላይ ያዩትን አምነው ቢሆን ኖሮ፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ቀድመው ቢነሱ ኖሮ፣ መርከቦቹ ወደብ ላይ ባይሆኑ ኖሮ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጓጓሁ። ከዚያ ሁሉ "ቢሆን ኖሮ" አንዱ ባሌን ይመልስልኝ ይሆናል ብዬ፣ እኔ ሞኟ፣ የሩዙን ድስት እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

"እስቲ የቶራኪቺን ጀልባም አስቀምጣት" አልኩህ።

"ውይ እትዬ፣ ረስቻት!" ብለህ አንዲት ኦቾሎኒ ከሳህኖቹ ራቅ አድርገህ አኖርክ።

"ራዳሩን ቢያምኑት፣ ይመጣል?"

ራስህን አከክ። ከልብህ አሰብክ፣ ለዚያ እንኳ አመሰግንሃለሁ። "አይመጣም" አልክ። "በድብደባው ማግሥት፣ ሰኞ፣ ከዓሣ ሲመለስ የጠላት ጀልባ መስሏቸው የገደሉት የአሜሪካ አውሮፕላኖች አይደሉ? ቀድመው ከተነሱማ እሑዱኑ ያገኙታል።"

"ጭራሽ ጃፓኖቹ ባይመጡስ?"

"እሱማ ጨዋታ አይሆንም፣ እትዬ!" ብለህ ሳቅክ። ከዚያ ጀልባዋን አነሳህና ቆረጠምካት። ኩሮዳ እንኳ አልሳቀም። አንተ ግን እያኘክ፣ "እሺ፣ ያንቺስ? ያንቺ 'ቢሆን ኖሮ' ምንድን ነው?" አልከኝ።

ይኸውልህ የኔ። ያን ሐሙስ ጥርስህን ባያምህ ኖሮ።

ጀልባዋን ተራ በተራ ነበር የምታወጧት፣ ተራው ደግሞ ያንተ ነበር። ጉንጭህን በፎጣ አስረህ በሬ ላይ ስታቃስት፣ ወንድምህ "ሂድ ተኛ፣ እኔ እወጣልሃለሁ" አለህ። በኔ ታሪክ ግን ጥርስህ ደህና ነው። እያፏጨህ ትሄዳለህ። ጃፓኖቹ እንደመጡት ይመጣሉ፣ መርከቦቹም እንደተቃጠሉት ይቃጠላሉ፣ የነዳጁ ነገር እንዳሻው ይሁን። ሰኞ ጠዋት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ያገኙሃል። ሸሚዝህን አውልቀህ ታውለበልብላቸዋለህ፣ ወንድምህ እንዳደረገው። አይምሩህም።

ቶራኪቺ ያለቅስልሃል፣ ደግ ነበርና። ከዚያ እንባውን ጠርጎ ያቀረብኩለትን ሩዝ ይበላል። ደጋግሜ ፈትሼዋለሁ፣ ኢዋዞ፣ አንድም ስህተት አላገኘሁበትም።

በዚያኛው ታሪክ በጣም እወድሃለሁ። "ምስኪን፣ እንዴት ያለ ተጫዋች ልጅ ነበር" እላለሁ፣ ሙት ዓመትህንም ሳልዘክር አላልፍም። በዚህኛው ግን ደጄን እንዳትረግጥ።

የወንድምህ ሚስት
ሺማ